የመካነ ሰላም ገበያ ጥርስ

ያልነከሰውን የማያምን ሰው የሌለበት የእህል ገበያ የለም። የመካነ ሰላሙ ክቡር አያ አለምነው ናቸው። ባቄላም ይሁን ስንዴ፣ ከጆንያው ሲዘገን መጀመሪያ አንዷ ፍሬ ወደ እሳቸው አፍ ትገባለች። ቀጭ ካለች ደርቃለች፣ ግዙ። ድምፅ ሳታወጣ ከተጨፈለቀች እርጥብ ናት፤ ተከምራ ትሻግታለች። «ዓይን ይሸነገላል፣ ጥርስ አይሸነገልም» ይላሉ። ይህን ያልሰማ የመካነ ሰላም ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው።

እህል ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የሞፈር እንጨት ነክሰዋል። የቆርቆሮ ሚስማር ነክሰዋል። የወንድማቸው ልጅ ሲያገባ ቀለበቱን ከሚዜው እጅ ተቀብለው ነከሱና «ወርቅ ነው፣ ይቀጥል» ብለው ለቄሱ ሰጡ። ቄሱም ቀጠሉ፤ ምን ያድርጉ።

ጎረቤታቸው በዛች እህል ነጋዴ ናት፤ በእኚህ ሰው አፍ አስራ አምስት ዓመት ነግዳለች። ለሰው ስታወራ «ኧረ እኔስ ታከተኝ» ነው የምትለው። ጥርሳቸው አንድ በአንድ ረግፎ ሲያልቅ ግን ከባለጥርሱ ይልቅ የደነገጠችው እሷ ናት። ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገቡ። የላይኛው ላንቃቸው ላይ ተጣብቆ በጨዋ ደንብ ተቀመጠ፤ የታችኛው ለባቄላ ክብር ብድግ ይላል። ዓመት በዓመት እየሰፋባቸው ሄዶ አንድ ቀን በገበያው መሀል ወልቆ የጀብሪል ጆንያ ውስጥ ገባ። ጀብሪል ከወግዲ ባቄላ የሚያመጣ ትሑት ሰው ነው፤ ፈልጎ አወጣና በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ መንከስ ተዉ። በዛችም በዓይኗ እየገዛች በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ ባቄላ ሻገተባት።

ጅዳ ያለችው ልጃቸው የኔአለም ይህን ስትሰማ «ደሴ ሄዶ ይታከም» ብላ ላከች። ይዛቸው የሄደችው በዛች ናት።

«ይኸ ጥርስ እያደገ ነው» አሉ አያ አለምነው ገና ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ።

«ጥርሱ አላደገም አባቴ፤ የመንጋጋዎ አጥንት ነው የቀነሰው» አለች የጥርስ ሐኪሟ ሄለን።

«ማን ወሰደው?»

«ራስዎ። አጥንቱን የሚያቆየው የንክሻው ጫና ነው። ጥርስ ሲወልቅ ጫናው ይቀርበታል፤ ሰውነትም ሥራ የፈታውን አጥንት ቀስ በቀስ ያሟሟዋል።»

አያ አለምነው መንጋጋቸውን ዳሰሱ። ስንት ዓመት የፈረዱበት መንጋጋ ለካ በንክሻ ነበር የሚቀለበው። በዛች እንዲህ ደስ ብሏቸው አይታ አታውቅም። ከዚያማ ጥያቄው አላባራ አለ፤ የሚሟሟው አጥንት ወዴት ይሄዳል፣ የላም መንጋጋስ እንዲሁ ነው ወይ?

ሄለን በትዕግሥት አስረዳች። ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ከታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ ይገባሉ፤ አጥንቱ እስኪይዛቸው ጥቂት ወራት ይጠበቃል፤ ከዚያ ጥርሱ እነሱ ላይ ይቆለፋል። ንክሻው ይበረታል። ጫናው በብሎኑ በኩል አጥንቱ ዘንድ ስለሚደርስ በዚያ አካባቢ መቀነሱ ይዘገያል። ለማሳያ አንዱን ብሎን ሰጠቻቸው። ወደ አፋቸው ሊልኩት ሲሉ በዛች እጃቸውን ያዘች።

«አንድ ነገር ግን» አለች ሄለን፣ «የተፈጥሮ ጥርስ ሥሩ ዙሪያ ስስ ጅማት አለው። የነከሱት ነገር ጠንካራ ይሁን ለስላሳ የሚነግርዎ እሱ ነው። ብሎን ያ የለውም።»

አያ አለምነው ብሎኑን እያገላበጡ ነበር፤ አልሰሙም። በዛች ሰማች፤ መንገዱን ሁሉ ስትብሰለሰል መጣች።

ወራቱ አልፎ ጥርሱ ተቆለፈና አያ አለምነው ወደ ገበያ ተመለሱ። ሰው ከበባቸው። ከጀብሪል የመጀመሪያ ጆንያ አንዲት ባቄላ ወሰዱ፤ ቀጭ። «ደረቅ!» ሰው አጨበጨበ። ሁለተኛው ቀጭ፣ ሦስተኛው ቀጭ፣ አራተኛውም ቀጭ። ጀብሪል ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ።

«አያ፣ ወላሂ አራተኛው ትናንት ዝናብ መትቶታል።»

ሰውዬው ፊታቸው ተለወጠ። ሌላ ባቄላ ነከሱ፤ አሁንም ቀጭ። ይህ የፕላስቲክ ጥርሳቸው እርስ በርሱ ሲጋጭ የሚያወጣው ድምፅ ነበር። በዕድሜያቸው «አላውቅም» ብለው የማያውቁት ሰው ወደ በዛች ዞሩ።

«በዛች፣ ይሰብራል እንጂ አይነግረኝም።»

አንጀቷን በሉት። አብረን ወደ ቤት እንሂድ ልትል ስትል ግን እሳቸው ቀደሟትና ከአራተኛው ጆንያ አንዲት ፍሬ አንስተው ሰጧት።

«እስቲ አንቺ ንከሺ። በፊት ጥርስሽ አይደለም፣ በመንጋጋሽ።»

ነከሰች። ጆሯቸውን ወደ ጉንጯ አስጠግተው አዳመጡ። ምንም።

«እርጥብ ነው። ጀብሪል፣ መልሰህ አስጣው።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ሆኑ» አለ ጀብሪል፣ ባቄላው የተመለሰበት ሰው አይመስልም።

ከዚያ ወዲህ ገበያ በዋለ ቁጥር በዛች ትነክሳለች፣ አያ አለምነው ይሰማሉ፣ ይፈርዳሉ። ሲጨርሱ ቆሎ በተቆለፈው ጥርሳቸው እየቆረጠሙ «አጥንቴን እየቀለብኩት ነው» ይላሉ። እሷም ለሰው «ኧረ ታከተኝ» ማለቷን አልተወችም። ደረቁንና እርጥቡን በጥርሷ መለየት የቻለችው ገና በሦስተኛው ገበያ ነው፤ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ዛሬም ባቄላዋን ነክሳ፣ መልሱን እያወቀችው ጉንጯን ታስጠጋለች።

«ምን ይላል፣ አያ?»