ሦስት ጊዜ ሳልለመን የቀረሁበት ምርጫ

እኛ ሰዎች «አይ» ስንል እምቢ ማለታችን ነው ብሎ የሚያምን ካለ፣ ሰው ቤት በልቶ የማያውቅ መሆን አለበት። በእንግድነት ገብታችሁ «ብሉ» ስትባሉ ምን ትላላችሁ? «አይ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት።» ሆዳችሁ ግን ከቁርስ ወዲህ ምንም አላየም። የቤቱ እመቤት «ኧረ በሞቴ» ይላሉ። «አይ፣ እውነቴን ነው» ትላላችሁ። በሦስተኛው ቅያሜ ሲመጣ «እንግዲህ ካላችሁስ» ብላችሁ እጃችሁን ለመታጠብ ትነሣላችሁ። የመጀመሪያው አይ ሰላምታ ነው፣ ሁለተኛው ጨዋነት፤ ከሦስተኛው በኋላ ወጡ ይወጣል። በመጀመሪያው ጥሪ እጁን የሰደደውንማ ምን ብለን እንደምናማው ታውቃላችሁ።

እኔም ለሥልጣን የታጨሁት ይህን አስተዳደግ ይዤ ነው።

ሥልጣን ስል አትደንግጡ። እዚህ ለቡ፣ የመንደራችን የልማት ኮሚቴ ሊቀ መንበርነት ነው። ደመወዝ የለው፣ ቢሮ የለው፤ ማኅተሙ እንኳ የሚያድረው ጸሐፊው ቤት ነው። ግን እውነቱን ልናገርና እፈልገው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አለቆች የሚፈርሙበትን ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ አንዴ እንኳ «ክቡር ሊቀ መንበር» ብባል ምን ነበረበት? ሥራም ነበረኝ። ከታክሲ መቆሚያው ወደ መንደራችን ስትገቡ አፉን ከፍቶ የተኛ ቦይ አለ። ክረምት ክረምት በአንዲት ሳንቃ ላይ ነበር የምንሻገረው። ባለቤቴ አስቴር ብስራተ ገብርኤል ልትሳለም ስትወጣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትሻገር ነበር። አንድ ቀን አንደኛው አምልጧት ቦዩ ውስጥ ቀረ። ተስፋ ግን አልቆረጠችም፤ ሌላኛውን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። የቀደሙት ኮሚቴዎች በቦዩ ጉዳይ ቃለ ጉባኤ ሲይዙ ኖረዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእኛ ሰፈር እንቁላል ግን በየስብሰባው «በሰፊው ውይይት ተደርጎበት» ወደ ጎጆው ይመለስ ነበር።

ምርጫው ሲቃረብ ከወዳጄ ከተካልኝ ጋር ተመካከርን። እሱ ይጠቁመኛል፤ እኔ አይ እላለሁ። እሱ «ኧረ አይሆንም» ይላል፤ እኔ ጤናዬን አነሣለሁ። እሱ «ከአንተ ሌላ ማን አለን» ይላል፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ። አስቴር ሸሚዜን እየተኮሰች ስታዳምጠን ቆይታ፣ ከፈለግከው ለምን እሺ ብለህ አትቀበልም አለችኝ። አንቺ ፖለቲካ አይገባሽም ብዬ ሳቅኩባት።

ስብሰባው በእድራችን ድንኳን ውስጥ ነበር። ከወረዳ የመጣው ሰብሳቢ አዲስ ነው፤ በቅርቡ ሥልጠና መውሰዱ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ተካልኝ እጁን አውጥቶ ጠቆመኝ፤ ስለ እኔ ደግ ደጉን ተናገረ። ያን ያህል ደግ መሆኔን እኔም አላውቅም ነበር። ተነሥቼ ኮቴን ቆለፍኩ። አመሰገንኩ፣ ዕድሜዬን ጠቀስኩ፣ ደም ግፊቴን ጠቀስኩ፣ ለተተኪው ትውልድ ቦታ መልቀቅ አለብን አልኩ። ያማረ አይ ነበር። ተቀመጥኩና የተካልኝን «ኧረ አይሆንም» መጠበቅ ጀመርኩ።

ይኼኔ የተካልኝ ስልክ ጮኸ። አጎንብሶ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለ ከድንኳኑ ወጣ።

ሰብሳቢው መነጽሩን አስተካከለና «የእጩውን ውሳኔ እናከብራለን። ሌላ ጥቆማ» አለ። ዕድሜ ልኬን ቃሌን እንዲህ ያከበረልኝ ሰው አልነበረም፤ የተከበረ ዕለት ጉድ ሆንኩ። ዞሬ ሰዉን አየሁ፣ ሰዉም አየኝ፤ አንድ «በሞቴ» የሚል ጠፋ። ሁሉም ሌላው ይለምነዋል ብሎ ተማምኖ ነበር አሉ በኋላ።

ከኋላ አንዲት ሴት አዴ ድንቄን ጠቆመች። አዴ ድንቄ ወተት የሚያመጡልን ጎረቤታችን ናቸው። ዛሬ እኛ ቤት የሠራንበት መሬት ላይ ቤተሰባቸው ጤፍ ያርስ ነበር፤ አሁን በቀረቻቸው ጓሮ ሦስት ላሞች ያረባሉ። በመንደራችን ሴት ሊቀ መንበር ሆና አታውቅም፤ እስከዚያ ቀን ሴቶች የሚመረጡት ለመስተንግዶ ብቻ ነበር። ሰብሳቢው ይቀበሉት እንደሆነ ጠየቃቸው። ብድግ አሉና «እሺ» ብለው ተቀመጡ።

በቃ? እሺ ብቻ? ዕድሜ የለ፣ ደም ግፊት የለ? ድምፅ ሲሰጥ ግን እጁ ሁሉ ወጣ፣ የእኔም ጭምር። ምን ላድርግ፣ አስቴር ክርኔን ወደ ላይ ገፋችው።

በዚያ ሰሞን ወተት ሲያመጡልን፣ ሰው ትንሽ ማንገራገር ነበረበት እኮ ብዬ በነገር ወጋ አደረግኳቸው።

«ጋሼ» አሉኝ፣ «ወተት አለ ወይ ስትሉኝ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም ነው የምለው። ሦስት ጊዜ እስክትለምኑኝ ብጠብቅ ይረጋል።»

ጠዋት ጠዋት ወተታቸውን አድለው ሲጨርሱ ወረዳ መሄድ ጀመሩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ሲሏቸው እሺ ብለው ይቀመጣሉ። ነገ ይምጡ ሲሏቸው እሺ ብለው ይነሡና በነጋታው ከጽዳት ሠራተኛዋ እኩል ይደርሳሉ። በእሺ ነገ የኖረ ቢሮ፣ ነገ የምር የሚመጣ ሰው ሲገጥመው ምን ይበጀዋል? ክረምቱ ሳይገባ ለቦዩ የኮንክሪት ክዳኖች በመኪና ተጭነው መጡ፤ እኛም ወጥተን ተሸክመን ቦዩን ከደንነው። እኔ በማግስቱ እንከን ልፈልግለት ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩበት፤ አይነቃነቅም። ግን አስቴር ጫማዋን እንዳደረገች፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች ተራምዳው ስታልፍ አየሁና ቅናቴን ረሳሁት፤ ደስ አለኝ።

ዘንድሮ ምርጫው ሲመለስ ቆርጬ ነው የሄድኩት፤ ከጠቆሙኝ በመጀመሪያው እሺ ነው። ነገር ግን አዴ ድንቄ ይቀጥሉ ተብሎ ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ከልቤ ነው። ቀጥለው ራሳቸው ተነሡና፣ ቦዩ ተከደነ እንጂ ውስጡ ደለል ሞልቶታል፣ ክዳኑን እያስነሣ የሚያስጠርግ፣ አብሮም አካፋ የሚይዝ ሰው ያስፈልገናል አሉ። ከዚያም እኔን ጠቆሙኝ።

ተነሥቼ አይ አልኩ። ይሉኝታ ያልነካው፣ በዕድሜዬ የመጀመሪያው እውነተኛ አይ ነበር። ወገቤን ጠቀስኩ፤ ወገቤ ደግሞ እውነትም ያመኛል። ያው ሰብሳቢ መነጽሩን አስተካክሎ ውሳኔዬን ሊያከብርልኝ አፉን ሲከፍት፣ ተካልኝ ከፊት ወንበር ተስፈንጥሮ ተነሣ።

«ኧረ አይሆንም! ከአንተ ሌላ ማን አለን!»

ሁለተኛ አይ አልኩ፤ ድንኳኑ በሙሉ በሞቴ አለኝ። ለሦስተኛው ስዘጋጅ አስቴር ራሷ እባክህ አለችኝ። እንግዲህ ሦስት ጊዜ ከተለመንኩ ወግ ነውና አንገቴን ደፋሁ።

ይህን የምጽፈው ቦቲ ጫማዬን ደጅ አስጥቼ ነው። ትናንት ከደለሉ ውስጥ የአስቴርን ጫማ አገኘሁላት፤ አጥባ ከጓደኛው ጎን አስቀምጣዋለች። አብሮኝ አካፋ የያዘውን ተካልኝን፣ በዘንድሮው ምርጫ ስልክህ እንዴት ሳይጮህ ቀረ ብዬ ብጠይቀው፣ ለዚህማ ብዬ ዘግቼው ነው የመጣሁት አለኝ።