የቆሙ ጥፋተኞች

ለታላላቅ ሰዎች ሐውልት ይቆማል፤ ለእኛ እድር ሊቀመንበር ለአቶ ሰይፈሚካኤል ግን ካሜራ ቆሞላቸዋል። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ሁለት የኮብልስቶን መንገዶች በሚገናኙበት፣ «ቁም» ከሚለው ቀይ ምልክት ትይዩ፣ ሳይቆሙ የሚያልፉትን እንዲይዝ በእድሩ ዕቃ ቤት ጣሪያ ላይ ተተክሏል። በምርቃቱ ዕለት ሪባን ቆርጠው «ከእንግዲህ ሕጉ ዓይን አውጥቷል» ሲሉ ሁላችንም አጨበጨብን።

ካሜራውን ያገኘነው ሱቁን ከዘጋ ነጋዴ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ያለ ሳሙና ሲጠብቅ የኖረ፣ የካበተ ልምድ ያለው ካሜራ ነው። ሳሙና ደግሞ አይሮጥም። ስለዚህ የቆመ ነገር ሲያይ ታርጋውን፣ ሾፌሩን፣ የሾፌሩን የሸሚዝ ቁልፍ ሳይቀር ጥርት አድርጎ ያነሳል። የሚበር ባጃጅ ሲያይ ግን የሚያሳየው ሰማያዊ ጭስ ብቻ ነው።

ቅጣቱን ጉባኤው በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። በካሜራ የተያዘ ሰው ስሙ በወሩ ስብሰባ ይነበባል፤ ሦስት ጊዜ የተነበበ ከነቤተሰቡ ከእድሩ ይሰረዛል። ድንኳን የለውም፣ ወንበር የለውም፣ ቀባሪም የለውም ማለት ነው።

በመጀመሪያው ወር አንድ ስም ብቻ ተነበበ፤ የባጃጅ ሾፌሩ የፊልሞን።

«እኔ እኮ ቆሜያለሁ» አለ ፊልሞን ተነስቶ። «ፎቶውን ይመልከቱት፣ ቆሜ ነው ያለሁት።»

«አለመካድህ ጥሩ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ያልቆሙትስ?»

«የታሉ? ማስረጃ አምጣ።»

ፀሐፊዋ መቅደስ ብዕሯን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ የምንቀጣው እኮ የቆመውን ነው።»

«እድሩ የሚቀጣው የታየውን ነው፣ ልጄ። ያልታየን ሰው መክሰስ ሐሜት ይባላል።»

መቅደስ ይህንኑ በቃለ ጉባኤ አሰፈረች። እኔም ከዚህ የጠለቀ ፍርድ ሰምቼ እንደማላውቅ መመስከር እወዳለሁ።

ነገሩ ለሰፈሩ ሾፌር ሁሉ ቶሎ ገባው። ምልክቱ ጋ ሲደርስ ነዳጅ የማይረግጥ ጠፋ። የሁለተኛው ወር ሪፖርት «በኅብረተሰቡ ቅን ትብብር ጥፋት በእጅጉ ቀንሷል» አለ። ያልተባበረው ፊልሞን ብቻ ነበር፤ ምልክት ሲያይ እግሩ ራሱ ፍሬን ይይዛል። ስሙ ዳግም ተነበበ።

እናቱ ወይዘሮ አለምነሽ ኩላሊታቸውን ከታመሙ ቆይተዋል። ልጠይቃቸው በሄድኩበት ቀን ልጃቸውን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው ሲመክሩት ደረስኩ።

«ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ለቅሶ ስደርስ ኖሬ፣ ለእኔ ማን ሊመጣ ነው? አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረህ። ስለ እኔ ብለህ አትቁም።»

«ሰው ብገጭስ፣ እማዬ?»

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እኔም በእጄ ካጸደቅሁት ውሳኔ ጋር እዚያ መቀመጤ አሳፈረኝ። ፊልሞን ከዚያ ቀን ወዲህ መቆሙንም መብረሩንም ትቶ በሌላ መንገድ ይዞር ጀመር።

ባለፈው ማክሰኞ አቶ ሰይፈሚካኤል መንገዱን ሲሻገሩ አንድ ባጃጅ ገጭቷቸው ሳይቆም አለፈ። ቁርጭምጭሚታቸው ወዲያው አበጠ። ምልክቱ ሥር እንደተቀመጡ «ካሜራው ይታይልኝ» አሉ። ከእኔ ጋር ሮጣ የደረሰችው መቅደስ ከካሜራው ጋር የተያያዘውን ስልኳን ከፍታ አየች።

«የገጨዎት ጭስ ነው፣ ጋሼ።»

«ሌላ ምን ይታያል?»

«እርስዎ። ምልክቱ ሥር ቁጭ ብለው። የከራቫትዎ ነጠብጣብ እንኳ ይቆጠራል።»

«እኔን ልትመዘግቢ ነው?»

«የሚቀጣው የታየው ነው ብለዋል። በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል።»

አቶ ሰይፈሚካኤል ከራቫታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ። ሰዎች አንስተው ከምልክቱ ራቅ ወዳለ ጥላ ወሰዷቸው፤ የሚያደርሳቸው ባጃጅ ሲፈለግ ግን በዚያ መንገድ የሚያልፈው ሁሉ አይቆምም። በመጨረሻ መቅደስ ፊልሞን ጋ ደወለች። መጣ፤ ደግፎ ከኋላ አስቀመጣቸው፤ እኔም አብሬ ገባሁ።

ወደ ክሊኒኩ የሚወስደው መንገድ በምልክቱ በኩል ነው። ስንቃረብ ፊልሞን ቀስ አለ። እግሩ ወደ ፍሬኑ ሲሄድ አየሁት።

አቶ ሰይፈሚካኤል ትከሻውን ጨበጥ አደረጉት።

«እንዳትቆም፣ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ላንተ ሦስተኛህ ነው። እኔም ለዛሬ የታየሁት ይበቃኛል።»