የቢጫዋ መኪና ክርክር

በየሰፈሩ አንድ መኪና የሌለው የመኪና ዳኛ አይጠፋም። መንጃ ፈቃድ የለውም፣ መሪ ጨብጦ አያውቅም፤ የሰው መኪና ሲያይ ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ ማንም ያልጠየቀውን ፍርድ ይሰጣል። ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ፈጣሪ ይጠብቃችሁ እንዳልል፣ እስካሁን ማንንም አልጠበቀም።

የመኪና ቀለም ቀቢዋ ዕጣ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። የእሷ ዳኛ ከጋራዧ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ባለው ሱቅ ልብስ ይሰፋሉ። ሰፈሩ «ክቡር ዳኛው» ይላቸዋል። አዲስ መኪና ጋራዥ በገባ ቁጥር ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ ስፒላቸውን በከንፈራቸው እንደያዙ ብቅ ይሉና ችሎት ይሰየማል።

ሕጋቸው ልብስ ነው። ለእሳቸው የመኪና በር የኪስ ክዳን ነው፤ ኮፈኑ ደረት፣ ከኋላ ጎማ በላይ ያለው እብጠት ዳሌ። የስፖርት መኪና ስትስማማቸው «ይቺን የቆረጠ እጁ ይባረክ! ወገቧን አየሽው?» ይላሉ። ካልተስማማቻቸው ግን ምሕረት የለም። አንድ ቀን ከኋላዋ ሰፊ ክንፍ የተተከለባት መኪና ገብታ፣ ባለቤቱ አጠገባቸው ቆሞ ሳለ፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ልብስ ማስጫ?» አሉ። ሰውየው መኪናውን አስነስቶ ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

ቀለም ላይማ አይጣል ነው። ቀይ? «ማሰብ የሰለቸው ሰው ቀይ ይላል።» ነጭ? «እሱ ገና ቀለም አልተመረጠለትም።» ጥቁር? «መጥፎ ሰፊ ሁሉ ጥቁር ጨርቅ ይወዳል፤ ጥፋት ይደብቅለታላ!» በእሳቸው ችሎት ነፃ የሚወጣው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ዝናብ ያረገዘ ደመና የመሰለ ግራጫ። «ግራጫ አፉን ይዘጋል፤ ቅርጿ ይናገራል» ይላሉ።

ቀለም ቀቢዋ «እሺ ጋሼ» ብላ የአፍ መሸፈኛዋን ከፍ ከማድረግ በቀር መልስ ሰጥታ አታውቅም። መልስ የሚሰጣቸው ጥርስ ሐኪሙ ነበር።

ጥርስ ሐኪሙ የዳኛው እኩያ ነው። በስተርጅናው ባለ ሁለት በር፣ መሬት ልትልስ የደረሰች የስፖርት መኪና ገዛ፤ ያውም የበሰለ ሎሚ የመሰለች ቢጫ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጭረት አገኘሁባት፣ መወልወል አማራት እያለ ጋራዥ ያመጣታል። ዳኛው ድምጿን ሲሰሙ ግራ ቀኝ ሳያዩ ነው መንገድ የሚሻገሩት።

«አሁንም ቢጫ ናት?»

«ምን ሆና ትቀየራለች?»

«የወፍ በሽታ ይዟታል። ሐኪም ነኝ እያልክ እንዴት አይታይህም?»

«እኔ ቀኑን ሙሉ ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ጋዋን፣ ነጭ ጥርስ ሳይ ነው የምውለው። ስወጣ እንኳ አንድ የሚስቅልኝ ነገር ልይ እንጂ።»

«የሚስቅልህ መስሎሃል? የሚስቅብህ ነው!»

እንዲህ ሲሉ ስድስት ዓመት አለፈ። የዳኛው ሚስት የሞቱ ጊዜ ጥርስ ሐኪሙ ቀብር የመጣው በዚያችው በቢጫዋ ነበር። ዳኛው እያለቀሱ ቀና ብለው አዩዋትና «ለዛሬ እንኳ በታክሲ ብትመጣ ምን ነበረበት?» አሉት። በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሐኪሙም ሳቀ፤ ከዚያ ተቃቅፈው ሁለቱም አለቀሱ።

ከዕለታት አንድ ቅዳሜ ቢጫዋ ቀረች። ዳኛው አንድ ዓይናቸውን መንገድ ላይ ጥለው ሲለኩ የደንበኛ ኮት አንድ እጅጌ አጠረ። ሰኞ ወሬው ደረሰ፤ ጥርስ ሐኪሙ በተኛበት ልቡ ቆሞ አድሯል።

ከወር በኋላ ቢጫዋን እየነዳች ጋራዥ የገባችው ሴት ልጁ ናት። ዳኛው ዘግየት ብለው ተሻገሩ።

«ገዢ ተገኝቷል» አለች ልጅቱ ለቀለም ቀቢዋ። «ግን ቢጫ አልፈልግም፣ ግራጫ ካደረግሽልኝ እወስዳለሁ አለኝ።» ከዚያ ሜትሩን በዳኛው አንገት ላይ አይታ ዞረች። «እርስዎ ልብስ ሰፊው ነዎት አይደል? አባዬ ቅዳሜ ከእርስዎ ጋር ተጨቃጭቆ ሲመጣ ምሳ እየደገመ ነበር የሚበላው። ይኸው፣ በመጨረሻ ረቱት።»

«አልረታሁትም፣ ልጄ» አሉ ዳኛው መሬት መሬቱን እያዩ። «ቢጫው… ቢጫው ያምርባታል። ተይው።»

በዚያ ችሎት የተሰጠ የመጀመሪያው የሐሰት ፍርድ ነበር። ቀለም ቀቢዋ ጀርባዋን ሰጥታ የቀለም ቆርቆሮ ፈለገች።

«እኔም እወደዋለሁ» አለች ልጅቱ። «ግን በመስኮት ባየኋት ቁጥር አባዬ መጣ እላለሁ። ከእንግዲህ አልችልም።»

ዳኛው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጠቀለሉ። «እንግዲያው ግራጫውን እኔ ልምረጥ» አሉ።

ከሱቃቸው ቁራጭ የሱፍ ጨርቅ አመጡ። ቀለም ቀቢዋ እሱን ለመምሰል ስድስት ጊዜ በጠበጠች። አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቅ እሳቸው ባዶ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠው ያያሉ፤ ቢጫ ብናኝ ጫማቸው ላይ ሲያርፍ አላራገፉትም።

ስትደርቅ ገፍተው ፀሐይ ላይ አወጧት። ከፊት መብራቷ እስከ ኋላዋ ያለው መስመር አንድ ልብስ ሰፊ እጁን ሳያነሳ የሰፋው ይመስል ወለል ብሎ ታየ። ያ ሁሉ ውበት ቢጫው ውስጥ ተደብቆ ኖሯል። ዳኛው ሁለት ጊዜ ዞሯት።

«አየሽ፣ ልክ ነበርኩ» አሉ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ልክ ነበርኩ። አሁን ለማን ልንገረው?»

መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ሸፈኑ።

መኪናዋ ሄደች። ዳኛውም ሦስት ቅዳሜ ሙሉ መንገዱን አልተሻገሩም። አንዲት ቀላ ያለች፣ ክንፍ የተተከለባት መኪና ገብታ ስትወጣ እንኳ ቀና አላሉም። ቀለም ቀቢዋ ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው ሰላም ጋራዧ ውስጥ ተዘርግቶ ተኛ፤ እሷ ግን ሥራ እንቢ አላት።

በአራተኛው ቅዳሜ የአፍ መሸፈኛዋን አውልቃ እሷ ተሻገረች።

«ጋሼ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልንገርዎት?»

«ምን?»

«ቢጫው ይሻል ነበር።»

የስፌት ማሽኑ ቆመ።

«ምን አልሽ?»

«ግራጫው አመድ አስመሰላት።» በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ውብ ቀለም በጥብጣ አታውቅም።

«አመድ? አመድ አልሽ?» ዳኛው ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ጉንጫቸው ላይ ደም ተመለሰ። «አንቺ ደግሞ ስለ ቀለም ምን ታውቂያለሽ! ነይ፣ ነይ እዚያ ላሳይሽ!»

እየተቆጡ መንገዱን ሲሻገሩ፣ ቀለም ቀቢዋ ዕንባዋ እንዳይታይባት ቀደም ቀደም አለች። ክርክሩ ቶሎ እንዳያልቅ ቀጥሎ ምን ብላ እንደምትዋሽ እያሰበች ነበር።