የፈረንጅ ፊደል ያመጣው ነብር

በእኛ አገር ከሩቅ የጠቆረ ደን ካያችሁ ሳትጠይቁ አንገታችሁን ሰበር አድርጋችሁ ተሳለሙ፤ ቤተ ክርስቲያን ነው። ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን አትድከሙ፤ የሆነ ሰው ሀብት ነው። ከቢቸና እስከ ሞጣ ይህ ሕግ ብዙም አያሳስትም። እኔን ያሳሳተኝ ሞጣ ሳይደረስ ያለው ጥብቅ ደን ብቻ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ከሚኒባሱ መስኮት አማትቤ ጎንበስ አልሁ። ለካስ የተሳለምሁት ጉሬዛ ኖሯል!

የዚህ ደን ጠባቂ ታላቅ ወንድሜ አያ ይትባረክ ነው። ድኩላ ውኃ ልትጠጣ ስትወርድ ካየ ቤት እንዳለው ረስቶ እዚያው ያመሻል። መጥረቢያ ካየ ግን እንቅልፍ የለውም። ሰሞኑን ደግሞ ከሰል አክሳዮች ዳር ዳሩን መመንጠር ስለጀመሩ ምግብም አልበላለት ብሎ ነበር።

ባለፈው ለዝክሩ ጠርቶኝ መንገድ ከመጀመሬ በፊት ብደውልለት፣ ብደውልለት አያነሣም። ኋላ ከሚስቱ ከዓለምነሽ መልእክት ገባ። ስልኳ የእኛ ፊደል የለውምና የምትጽፈው በፈረንጅ ፊደል ነው። እያንገዳገድሁ አነበብሁት፦ «ይትባረክ ጫካ ነብር። ቶሎ ና።»

መልሼ ብደውል ኔትወርክ የለም። ሚኒባስ ውስጥ ዘልዬ ገባሁና አጠገቤ ለተቀመጠው ሰውዬ ጭንቀቴን አወራሁት፤ ያ ነው ጥፋቱ። ደኑ ጋ ስንደርስ ነብሩ ሁለት ሆኗል፣ አንደኛው ግልገል አለው። ወሬው ቀድሞን ወርዶ ኖሮ የመንደሩ ወንድ ጠመንጃም፣ ዱላም፣ መጥረቢያም ይዞ መንገድ ዳር ጠበቀን። ተያይዘን ገባን።

ከታረሰው ገላጣ መሬት ወደ ውስጥ ጥቂት እንደተራመዳችሁ ፀሐይዋ ትጠፋለች። ጥዱና ወይራው ከላይ ተቃቅፏል፣ ከኮሶው ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል፣ እርጥብ ቅጠል ይሸታል። አንድ ጉሬዛ ነጭ ጭራውን ዘርግቶ ባናታችን ሲዘልል ባለ ጠመንጃው ሊተኩስ ምንም አልቀረው። ሌላ ቀን ቢሆን እዚያው ቁጭ ብዬ በዋልሁ። የዚያን ቀን ግን በየቁጥቋጦው ሥር የምፈልገው የወንድሜን ጋቢ ነበር። አለቀስሁም፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

«ማነው ደኑን በመጥረቢያ የወረረው? ቁም!»

ከኋላችን ነው። አያ ይትባረክ በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው የዝክር ዳቦ ይዞ እየሮጠ ይመጣል። አንገቱ ላይ ተጠመጠምሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሙሉ ነው! ጣት እንኳ አልጎደለውም።

«ምን ሁነሃል አንተ? እንግዳው ተቀምጦ እየጠበቀህ እዚህ ሠራዊት ታዘምታለህ?»

ስልኬን ሰጠሁት። አንብቦ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ኧረ ነበር ነው ያለችህ! ጫካ ነበርሁ፤ ስልኩም ባትሪ ጨርሷል። ቶሎ ና ያለችህ ጠላው ሳያልቅ ነው። አማርኛ አስተምራለሁ ትላለህ ደግሞ!»

ወይራ ሥር ተዘርፍጬ እንባዬን እየጠረግሁ ሳቅሁ። ይኸን ያህል ቀሎኝ አያውቅም። ያልገባቸው፣ ፈንጠር ብለው የቆሙት ሰዎች ብቻ ናቸው።

«አያ ይትባረክ፣ እውን ነብር አለ እንዴ?» አለ ባለ ጠመንጃው።

አያ ሳቁን ገታ። መጥረቢያዎቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ ከባለቤቶቻቸው ውስጥ ዳር ዳሩን የሚመነጥሩት እንዳሉ እሱም እነሱም ያውቃሉ። በልጅነቱ ቅኔ ቤት የከረመ ሰው ስለሆነ በቀላሉ አይዋሽም። ጉሮሮውን ጠርጎ የመካከለኛዋን ፊደል ዋጥ አደረጋትና፣

«ነብ‍...ር» አለ።

ሰዎቹ ተያዩ። ሲገቡ ከነበራቸው ፍጥነት ሲወጡ የነበራቸው በለጠ።

«ዋሸህ» አልሁት።

«ምን ዋሸሁ? በአባታችን ጊዜ ነበር!»

ከዚያ ወዲህ በዚያ ደን መጥረቢያ ይዞ ብቻውን የሚገባ የለም አሉ። እኔ ወንድሜን አገኘሁ፤ ደኑም ነብር አገኘ።