አቶ ውበቱና ቁልፉ

በየከተማው ዘፈንን እንደ ዘፈን መስማት የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ስንወዛወዝ እሱ ግንባሩን ይቋጥራል፤ እኛ «ጥሩ ዘፈን ነው» ስንል እሱ «ገብቷችኋል ግን?» ይላል። በመካነ ሰላም ይህን ሹመት የያዙት አቶ ውበቱ ነበሩ፤ ከትምህርት ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ የወጡ፣ ቤት ውስጥ እንኳ ባርኔጣቸውን የማያወልቁ ቀጭን ሰው።

ክቡርነታቸው ችሎት የሚያስችሉት አሕመድኑር ልብስ ስፌት ሱቅ ውስጥ ነው። አሕመድኑር እየሰፋ ካሴት ያጫውታል፤ እሳቸው ይፈርዳሉ። «ቃሉ እንዲህ ይላል፤ ሰውየው ግን እንዲህ አላለም» ሲሉ፣ ሱሪ ላሳጥር የገባሁት ሰውዬ ሱሪዬን ረስቼ እቀመጣለሁ። ስለ ቆንጆ ዐይን የተዘፈነው ዘፈን ስለ መሬት ድልድል መሆኑን የሰማሁት ከእሳቸው ነው። አንድ የሠርግ ዘፈን ውስጥም የወረዳ ሹም ዝውውር አግኝተዋል። ዜማም ቢሆን አያመልጣቸውም። «ይቺ ሳክስፎን ሱዳን ደርሳ የመጣች ናት። ከበሮውን ግን ከመንዙማ ነው የተዋሰው፤ ጭብጨባውን ስሙት።» አንዴ ቴፑ ካሴቱን በልቶ ዘፋኙ ሲንተባተብ «ይሄ ለቅሶ ነው» አሉ። አሕመድኑር የካሴቱን ክር በእርሳስ እየጠቀለለ አላረማቸውም።

በዘጠና ስድስት ክረምት ግን ራሕማ ከጅዳ ካሴት ላከች። ራሕማ የጎረቤታችን የኡሙልኸይር ልጅ ናት፤ ሰው ቤት ልትሠራ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ካሴቱን ያመጣችው አብራት የነበረችና በቅርቡ የተመለሰች ሀዲያ የምትባል ልጅ ስትሆን፣ ደብዳቤ አልነበረውም። ኡሙልኸይር ቤቷ ቴፕ ስለሌላት ካሴቱን ይዛ አሕመድኑር ዘንድ መጣች። አሕመድኑር ሲያጫውተው፣ አንድ ድሮውን የሚናፍቅ ዘፋኝ፣ በራሱ ግጥምና ዜማ፣ እንዲህ ይላል፦

በሩን አትዝጊብኝ፣ እናት ዓለም ቆዪ፤
ቁልፌ ሰው ጋ ቀርቷል፣ መንገዴን ብቻ እዪ።

አቶ ውበቱ ሞቃቸው። ካሴቱ የማን እንደሆነም ረሱት። «ቁልፍ ማለት ቁልፍ አይደለም። ፓስፖርት ነው። ይህ ሰው በሰው አገር ፓስፖርቱን ተቀምቷል። ‹መንገዴን እዪ› ማለት ‹አስመልሱኝ› ማለት ነው» አሉ።

የስፌት መኪናው ቆመ። ኡሙልኸይር ካሴቷን ሳትወስድ ወጣች።

በማግስቱ ጊደሯን ወደ ገበያ ልትነዳ መሆኑን ሰማን፤ ልጇን ለማስመለስ። አቶ ውበቱ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ና እስቲ፣ ብቻዬን አልችልም» አሉኝ። በዝናብ ቤቷ ደረስን፤ ደጇ ላይ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ኡሙልኸይር፣ ትናንት ያልኩት ስህተት ነው። ቁልፍ ቁልፍ ነው። ዘፈኑ ናፍቆት ነው፤ ሌላ የለውም።»

ይህን ከእሳቸው አፍ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

«አላህ ይስጥልኝ» አለች ኡሙልኸይር፣ የጊደሯን ገመድ ሳትለቅ። «ግን ለእኔ አዝነው ነው። ቃልዎ እንዲህ ይላል፤ አንቱ ግን እንዲህ አላሉም።»

የስንት ዓመት ትምህርታቸው ፍሬ አፍርቶ ደጃፉ ላይ ቆሞባቸዋል።

የቀረን ስልክ ብቻ ነበር። እስክንደውል ድረስ ጊደሯን እንድታስር ለመንናት፤ ሀዲያ የራሕማን አሠሪ ቤት ስልክ ቁጥር ሰጠችንና ሦስታችን ቴሌ ሄድን። ወረፋው በሩን አልፎ ወጥቷል፤ ግማሹ ዓረብ አገር ልጅ ያለው ነው። ተራችን ሲደርስ ኡሙልኸይር መነጋገሪያውን በሁለት እጇ ያዘችና ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «ራሕማ፣ ፓስፖርትሽ የታለ?» አለች።

ሰማች። ቆይታ ትከሻዋ ወረደ።

«ሻንጣዬ ውስጥ ነው ትላለች» አለችን። «ደህና ነኝ ትላለች። ካሴቱን የላከችው ዜማው የአገሯን ስለመሰላት ነው።»

አቶ ውበቱ ኮርኒሱን ያያሉ። ዘፈን መፍታት ዛሬ እዚህ ቴሌ ውስጥ አበቃለት ብዬ ነበር። ኡሙልኸይር ግን መነጋገሪያውን ዘረጋችላቸው። «አንቱን ነው የምትፈልግ። ያልገባት ስንኝ አለ።»

የጋለ ብረት ይመስል በጣታቸው ጫፍ ተቀበሉት። ራሕማ የምትላቸውን እየተከተሉ ጮክ ብለው ደገሙት፦

ከአምባሰል ወርጄ፣ ባቲ ገብቼ ስገኝ፤
ትዝታን ብሸሸው፣ ትዝታ አገኘኝ።

«ይህማ...» ብለው ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው ኡሙልኸይርን አዩዋት።

«ይንገሯት እንጂ» አለች።

«ስሚ ልጄ፣ አምባሰል፣ ባቲ፣ ትዝታ ሦስቱም የዜማ ቅኝቶች ናቸው። ሰውየው በአምባሰል ይጀምርና መሃል ላይ ወደ ባቲ ይዞራል። ትዝታን ላለመንካት ነው የሚሸሸው፤ ግን ልቡ አያስችለውም። ቆይ፣ ላሰማሽ።»

በዚያ ሻካራ ድምፃቸው ማንጎራጎር ጀመሩ። ከኋላችን የቆመ ነጋዴ «ይፍጠኑልን» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ዘጋው። እኔ ዘፈኑን አሕመድኑር ሱቅ ውስጥ ከአንድ ቀን በፊት ሰምቼው ነበር። ትዝታው ሰውየውን ዜማው ውስጥ የት ቦታ ላይ እንደሚያገኘው የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው።