ሰርዲኒያን ከኋላ ተፈናጥጦ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ «ውሸታም!» ትሉኛላችሁ። ይገባኛል። ነገሩም የጀመረው ከውሸት ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ገጽ ላይ በጣሊያኗ ደሴት በሰርዲኒያ የባህር ዳርቻ መንገድ ጆሯችሁን ያደነቆርኩት ሰውዬ እኔ ነኝ። ከአልጌሮ እስከ ቦዛ! በቀኝ ባህር፣ በግራ ተራራ፣ መሀል ላይ ቀጭን አስፋልት። የትኛው ኩርባ ጋ ፍየል መንገድ እንደሚያቋርጥ ሳይቀር በቃሌ አውቃለሁ። ሲያትል ውጭው ሲዘንብ፣ እዚያው ሶዶ የሚባል ሰፈር በምሠራበት መጋዘን ምሳ ሰዓቴ ላይ፣ ያንን መንገድ በስልኬ ስንቴ ሄጄበታለሁ!

በሞተር ግን አልሄድኩበትም።

ሞተር የትም ነድቼ አላውቅም!

«ሐዋሳ እያለሁ ሐይቁ ዳር ሞተር እነዳ ነበር» ያልኳችሁስ? ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ለእኔና ለባለቤቴ ለሰብለ የመስከረም የሰርዲኒያ ትኬት ተቆርጧል። የቀረው የሞተር መንጃ ፈቃድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሲያትል አጠገብ ታኮማ ከተማ የሞተር ኮርስ ተመዘገብኩ። ሰብለም «ብቻህን ከምትሄድ» ብላ አብራኝ ተመዘገበች። እኔም አላርፍ ብዬ ለማኅበራችን ግሩፕ «ቅዳሜ ሰርተፍኬት እቀበላለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

እኛ ደግሞ ሰርተፍኬት ከሰማን ምረቃ ነው!

ፈተናው ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ልክ ተራዬ ሲደርስ ሦስት መኪና ሙሉ የማኅበር ሰው መጣ። ነጠላ ለብሰው፣ አበባ ይዘው። ከፊት እትዬ አስካለ፣ የማኅበራችን ትልቅ ሴት፣ ድፎ ዳቦ በሁለት እጃቸው ተሸክመው። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ላይቭ ገባ። አሰልጣኙ «ሰርግ አለ እንዴ?» አለኝ።

አሰልጣኙ ኮርሱን ሙሉ የደጋገመልን አንድ ነገር ነው። ሞተር ዓይንህ ወዳየበት ይሄዳል። ስትዞር የምትሄድበትን እይ፣ ሌላ ነገር እንዳታይ!

እኔ ዳቦውን አየሁ።

ሞተሩም ወደ ዳቦው ሄደ!

እትዬ አስካለ «በስመ አብ!» ብለው ከነዳቦው ወደ ኋላ ሸሹ። ፍሬን ያዝኩ። ሞተሩ በጎኑ ተኛ፣ እኔም አጠገቡ ተኛሁ። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። ሞተር የጣለ ግን ወዲያውኑ ከፈተናው ውጪ ነው።

ቀጥሎ ሰብለ ተነሳች። ዞረች። ቆመች። አለፈች።

«እንግዲህ እኔ ዳቦ ተሸክሜ ሰፈሬ ዋይት ሴንተር አልመለስም! ለሰብለ ይቆረስ!» አሉ እትዬ አስካለ። እልልታው ቀለጠ። እኔም ሄልሜቴን ሳላወልቅ አጨበጨብኩ። ፊቴን ማን ያሳያል?

ይሄ አልበቃ ብሎ ላይቩ ስር ኮሜንት መጣ። ከሐዋሳ፣ ከታላቅ ወንድሜ ከጥላሁን። ሰብለ ሳታስበው ጮክ ብላ አነበበችው፦ «አንተ ደግሞ መቼ ሞተር ነድተህ ታውቃለህ? እኔ አልነበርኩ እንዴ የማፈናጥጥህ!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ነጂው ጥላሁን ነበር። እኔ ከኋላ ተፈናጥጬ፣ ጃኬቱን ይዤ፣ ሐይቁን አይ ነበር። እሱ ዓይኑ መንገዱ ላይ ስለሆነ «ዛሬ ምን ይመስላል?» ይለኛል። እኔም ጀልባውን፣ ዓሣ አጥማጁን፣ ወፉን እተርክለታለሁ። ከዚያ አሜሪካ መጣሁ። ወሬውን በደጋገምኩት ቁጥር ትንሽ ትንሽ ወደ ፊት እየተጠጋሁ መሪውን ያዝኩት። በመጨረሻ ራሴም አመንኩት።

ያሳፈረኝ ውሸቱ ብቻ አይደለም። ወንድሜን ከሞተሩ ላይ አውርጄ የትም ጥዬው ሄድኩ። ይሄ አሁን ድረስ ውስጤን ይበላኛል።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናውን ሰብለ ነዳች። «ትኬቱን ካንስል እናድርገው?» አልኳት።

«ለምን? እኔ እነዳለሁ። አንተ ከነዳህማ ባህር ስታይ ባህር ውስጥ ነው የምንገባው!» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ብቻ ከኋላ ሆነህ ምን እንደሚመስል ንገረኝ» አለች።

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ ዓይኔን ጠረግኩ።

ስልኬን አውጥቼ ኮሜንቱ ስር «ልክ ነህ ጋሼ፣ የነዳኸው አንተ ነህ፣ ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩለት።

ወዲያው መለሰልኝ፦ «የሰብለን ጃኬት አጥብቀህ ያዝ!»

እናንተስ? ከኋላ ተፈናጥጣችሁ «እኔ ነኝ የነዳሁት» የምትሉት የትኛውን ታሪካችሁን ነው? ኑ፣ ተናዘዙ እንጂ፣ ብቻዬን አታስቀሩኝ። ዳቦም ተርፏል!