ሐጂ ከማል እስኪያጠሩ

ካሜራ ራሱ አጥርቶ በሚያነሳበት ዘመን፣ በገዛ ጣቱ ካላጠራ የማያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የአጋሮው ፎቶ አንሺያችን ሐጂ ከማል እንዲያ ናቸው።

«ካሜራው ካየ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ?» ይላሉ።

በልጄ ኒካህ ዕለት እኛን ሽማግሌዎቹን አሰለፉን።

«መነጽር ያብረቀርቃል፤ አውልቁ! ፈገግ በሉ!»

አወለቅን። ፈገግታችን ደረቀ፤ አንዱ ሽማግሌ ዱዓ ጀምሮ ጨረሰ፤ ሐጂ ገና ሌንሱን ያዞራሉ። ዓይኑ የደከመ ሰው ምናለ አርፎ ቢቀመጥ? አልኩ በሆዴ።

በመጨረሻ አነሱንና የካሜራውን ስክሪን አሳዩን።

«ማሻአላህ! ጥርት ብሏል!» አልን ሁላችንም።

ሙሽራዋ ልጄ አየችው። መነጽሬን ከኪሴ አውጥታ አጠለቀችልኝ።

ፎቶው ዛሬም ሳሎናችን ተሰቅሏል። ሐጂ ሊጠይቁን ሲመጡ ብቻ መነጽሬን አወልቃለሁ።